ሽማግሌ ያልገባበት ትዳር፦ የእቴጌ መነን አስፋው ሕይወት



በአሰላና በአካባቢዋ ባሉ ቁምስናዎች ለምሥጢረ ተክሊል የሚዘጋጁትን ስናስተምር፣ ካገቡ ብዙ ዓመት የሆናቸው እናቶች ከትምህርቱ በኋላ ወደ ጎን ጠርተው የሚነግሩን አንድ ስሞታ አለ። ባሌ አይጠጣም፣ እጁን አያነሣብኝም፣ የእህሉንም ዋጋ አያባክንም፤ ነገር ግን አይናገርም ይላሉ። አንዲት እናት ባሌ ለበሬዎቹ የሚናገረውን ያህል ለእኔ ቢናገር ኖሮ ደስተኛ በሆንሁ ነበር ብላ አስቃኛለች፤ ሳቋን ስትጨርስ ግን ዓይኗ እንባ አቅርሮ አየሁት። ከጭላሎ ተራራ ግርጌ ብርዱ ሲበረታ ሰው ሁሉ በጊዜ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ምሽቱም ረጅም ነው። በእንዲህ ያለ ምሽት ከምድጃው ማዶ የተቀመጠው ሰው ቃል ሲነፍግ፣ ይህኛዋ ጥፋቱ የእኔ ይሆን እያለች ራሷን ትመረምራለች። ሚስቲቱ ዓይን አፋር ሆና፣ እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ እየገባች፣ ባልየው ከጎረቤትና ከዘመድ የሚተዛዘብበት ቤትም ጥቂት አይደለም።

ለዚህ ስሞታ ቁርጥ ያለ መልስ አለኝ አልልም። በዚህ እትም ያሰብሁት ከዝምተኛና ከቁጥብ ሰው ጋር ከኀምሳ ዓመት በላይ በትዳር የኖሩ የአንዲት ሴት ታሪክ ለማቅረብ ነው። እኚህም ሴት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ባለቤት እቴጌ መነን አስፋው ናቸው። የዚህ ቤተ መንግሥት ስም በአርሲ ደጋ በሁሉም ጆሮ አንድ ዓይነት እንደማይሰማ አውቃለሁ። በ1870ዎቹ መጨረሻ በአዙሌ ጦርነት ድል አድርገው አርሲን ለሸዋ ያስገበሩት ራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ፣ የንጉሠ ነገሥቱ አባት የራስ መኮንን አጎት፣ የእናታቸው ወንድም ነበሩ፤ የዚያን ዘመን ቁስል በየቤቱ የሚያስታውስ አለ። እኔ የምጽፈው ስለ ዙፋኑ ሳይሆን ስለ ጋብቻው ነውና አንባቢ በዚህ ይታገሠኝ።

አስቀድሞ ስለ ባልየው ጥቂት ማለት ይገባል፤ የሰው ዝምታ ከየት እንደ መጣ ሳያውቁ በዝምታው መፍረድ ተገቢ አይደለምና። ተፈሪ መኮንን ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. በሐረርጌ፣ በኤጀርሳ ጎሮ ተወለዱ። እናታቸው ወይዘሮ የሺመቤት ዓሊ በ1886 ዓ.ም. ሲሞቱ ሕፃኑ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። አባታቸው ራስ መኮንን የሐረር ገዥ፣ የምኒልክ የጦር አለቃና መልእክተኛ ስለ ነበሩ ከቤታቸው ይልቅ በመንገድ የሚያሳልፉት ጊዜ ይበዛ ነበር። እርሳቸውም በ1898 ዓ.ም. ቁልቢ ላይ ሲያርፉ ልጁ የዐሥራ ሦስት ዓመት ብላቴና ነበር። የቀረለት አሳዳጊ አስተማሪ ነው። ከአስተማሪዎቹ አንዱ በሐረር ካቶሊክ ሚሲዮን ያደጉት አባ ሳሙኤል ወልደ ካህን ነበሩ፤ የአባቱ ወዳጅ የነበሩት የሐረሩ ጳጳስ አቡነ እንድርያስ ዣሮሶም በቅርብ ይከታተሉት ነበር። የመቂ ሀገረ ስብከት ራሱን ችሎ ከመቋቋሙ በፊት የእኛም አገር በሐረር ሥር ይጠበቅ እንደ ነበር ለምናስታውስ፣ ይህ የእኛም ቤት ታሪክ ጭምር ነው።

እናት አልባው ልጅ ገና በብላቴንነቱ አባቱን አጥቶ ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ገባ። በዚያ ዘመን በቤተ መንግሥት ያደገ ወላጅ የሌለው የመኳንንት ልጅ የሚማረው የመጀመሪያ ትምህርት አፍን መዝጋት ነበር። ዝም አይነቅዝም የሚለውን ምሳሌ ተፈሪ የተማሩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከኑሮ ነው። ካደጉም በኋላ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ንግግራቸው የተመጠነ፣ ፊታቸው ደስታንም ሆነ ኀዘንን በቶሎ የማይገልጥ ሰው ሆኑ። የውጭ አገር ሰዎችም ሆኑ የአገራችን ሹማምንት ስለ እርሳቸው በጻፉት ሁሉ ይህ ጠባያቸው ይደጋገማል። አጠገባቸው የቆመ እንኳ የሚሉትን ለመስማት ጆሮውን ማዘንበል ነበረበት።

ወይዘሮ መነን የተወለዱት በ1880ዎቹ መጀመሪያ በወሎ፣ በአምባሰል ነው። አባታቸው ጃንጥራር አስፋው የአምባሰል ባላባት ሲሆኑ፣ እናታቸው ወይዘሮ ስሂን የራስ ሚካኤል፣ የኋላው የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ነበሩ። ስለዚህ ልጅ ኢያሱ የመነን አጎት ናቸው፤ በዕድሜ ግን መነን ይበልጧቸዋል። በዘመኑ የመኳንንት ሴት ልጅ ጋብቻ የቤተ ሰብና የግዛት ጉዳይ እንጂ የልጅቱ ፈቃድ የሚጠየቅበት ነገር ስላልነበረ መነን ገና በልጅነታቸው ተድረው፣ ከአንዱ ትዳር ወደ ሌላው ተሸጋግረው፣ ልጆችም ወልደው ነበር። በመጨረሻ የሸዋው ራስ ልዑል ሰገድ ባለቤት ሳሉ ልጅ ኢያሱ ከዚያ ቤት አስወጥተው ለደጃዝማች ተፈሪ እንደ ዳሯቸው ይተረካል። የልጅ ኢያሱ ሐሳብ ይህን ዝምተኛ የሐረር ገዥ በዝምድና ማሰር ነበር።

ጋብቻው የተፈጸመው ሐምሌ 24 ቀን 1903 ዓ.ም. ነው። ጋብቻ በሁለቱ ተጋቢዎች ነጻ ፈቃድ የሚጸና ምሥጢር መሆኑን ለምናስተምር ካህናትና ካቴኪስቶች፣ ከዚያ በፊት የነበረው አኳኋን የሚያስመሰግን አይደለም፤ ሸፋፍኖ ማለፍም አያስፈልግም። ሆኖም ባልየው ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በስደት ሳሉ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ባዘጋጁት የሕይወት ታሪካቸው፣ የተጋቡት በሁለቱም ስምምነት እንደ ሆነ ጽፈዋል። እዚያው ላይ ባለቤታቸው ክፋትና ተንኰል የሌለባቸው ሴት እንደ ሆኑ፣ በደስታም በኀዘንም በአንድ ሐሳብ እንደ ኖሩ ይመሰክራሉ። ይህ ሁሉ ግን በጥቂት መስመሮች ያለቀ ነው። ስለ ጦርና ስለ መንግሥታት ማኅበር ገጽ በገጽ የጻፈ ሰው ስለ ሚስቱ ሲሆን ቃሉ ያጥራል። አንዳንድ አንባቢ ይህን እንደ ንፍገት ይቈጥረው ይሆናል። እኔ ግን እንደዚያ ያሉ ወንዶችን በዚሁ በአርሲ አውቃለሁ፤ ስለ ከብቱና ስለ ገብሱ ሲጠየቅ ይተርካል፣ ስለ ሚስቱ ሲጠየቅ ደግ ናት ብሎ ዓይኑን ወደ መሬት ይጥላል። ለእርሱ ያ አንድ ቃል ብዙ ነው።

ይህ ጋብቻ የተፈተነው ገና በጧቱ ነበር። በ1908 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የመጀመሪያ ወንድ ልጃቸው አስፋ ወሰን ተወለደ። በመስከረም 1909 ዓ.ም. የሸዋ መኳንንት ልጅ ኢያሱን ሽረው ወይዘሮ ዘውዲቱን ንግሥተ ነገሥታት፣ ተፈሪን አልጋ ወራሽ አደረጉ። ንጉሥ ሚካኤል የልጃቸውን ዙፋን ለማስመለስ ከወሎ ሠራዊት ይዘው ዘመቱ። በመጀመሪያው ውጊያ ለሸዋ ወግነው የሞቱት ራስ ልዑል ሰገድ የመነን የቀድሞ ባል ነበሩ። ጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ ሜዳ በተደረገው ትልቅ ጦርነት ንጉሥ ሚካኤል ተማረኩ፤ የተማረኩትም የመነን አያት፣ ያሸነፈውም የመነን ባል ወገን ነው። ሕፃኑ በዚያን ጊዜ የሦስት ወር ልጅ ነበር። አያትዮው ከምርኮ ሳይወጡ ዐረፉ። አጎትዮው ልጅ ኢያሱም በ1913 ዓ.ም. ተይዘው እስከ ሞቱበት እስከ 1928 ዓ.ም. በባልየው እጅ እስረኛ ሆነው ኖሩ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ተናጋሪ ባል ቢሆን ይምላል፣ ይገዘታል፣ ያባብላል፤ ተናጋሪ ሚስትም ብትሆን ታለቅሳለች፣ ትራገማለች፣ ወደ ዘመዶቿ ትሄዳለች። እነዚህ ሁለት ሰዎች ግን አብረው ቆዩ፤ ልጆችም ወለዱ። ከአስፋ ወሰን በፊት ተናኘ ወርቅ፣ ከእርሱም በኋላ ዘነበ ወርቅ፣ ፀሐይ፣ መኰንንና ሣህለ ሥላሴ ተወልደው በጠቅላላው ስድስት ሆኑ። መነን በአደባባይ በፖለቲካ ነገር የማይገቡ ሴት በመሆን ይታወቃሉ። ብዙ ሰዎች ይህን እንደ ገርነት ይቈጥሩታል፤ እኔ ግን የአባታቸው አገርና የባላቸው ቤት በጦር ሜዳ የተገናኙባት ሴት መጠንቀቋ ከገርነት ያለፈ ማስተዋል ይመስለኛል። በዝምተኛ ቤት የሚኖር ሰው ምን እንደሚነገር ብቻ ሳይሆን ምን እንደማይነካ ማወቅ አለበት።

ለካቴኪስቶቻችን አንድ ነገር ልጨምር። ዝምታና ኩርፊያ አንድ አይደሉም። ኩርፊያ ሌላውን ለመቅጣት የሚደረግ ነው፤ ጊዜ አለው፣ ምክንያትም አለው፤ ካልታረመ ቤት ያፈርሳል። ዝምታ ግን የአንዳንድ ሰው ተፈጥሮ ነው፤ ቅዱስ ዮሴፍ በወንጌል አንድ ቃል እንኳ ሲናገር አልተጻፈም። ስሞታ የምታቀርበውን እናት ስንሰማ መጀመሪያ መጠየቅ ያለብን ባሏ ከእርሷ ጋር ብቻ ነው ወይስ ከሰው ሁሉ ጋር ነው ዝም የሚለው የሚለውን ነው። ለጎረቤት እየሳቀ ለሚስቱ ብቻ የሚዘጋ ሰው ሌላ ምክር ያስፈልገዋል።

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ተፈሪ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ሲነግሡ፣ መነንም በዚያው ዕለት የእቴጌነት ዘውድ ደፉ። ከዚያ በኋላ ያለው ኑሯቸው ባል ቃል ባይበዛለትም ሚስት ባዶ እጇን እንደማትቀመጥ ያሳያል። ከዘውዱ በዓል በኋላ ብዙም ሳይቆይ በስማቸው የሚጠራው የሴቶች ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ ሴት ልጅን ትምህርት ቤት መላክ እንደ ነውር በሚታይበት ጊዜ ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ልጃገረዶች ተቀምጠው የተማሩበት ቤት ነው። በዮርዳኖስ ወንዝ አጠገብ የኢትዮጵያውያንን የቅድስት ሥላሴ ገዳም አሠሩ። የቀይ መስቀልና የሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር ጠባቂ ሆኑ። የራሳቸው ሥራ፣ የራሳቸው ጸሎት፣ የራሳቸው ወዳጆች ነበሯቸው። የጨዋታ ጥማታቸውን ሁሉ በአንድ ዝምተኛ ሰው ላይ አልጣሉበትም።

ከዚያ ጣልያን መጣ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ቤተ ሰቡ በባቡር ከአዲስ አበባ ወጥቶ በጅቡቲ በኩል ወደ ኢየሩሳሌም ተሰደደ። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ እንግሊዝ አገርና ወደ ጄኔቭ አለፉ፤ እቴጌይቱ ኋላ በባዝ ተገናኟቸው። የዚያ አገር ብርድና እርጥበት ለጤናቸው አልተስማማም፤ በቅድስት አገርና በዙሪያዋ እየተመላለሱም ይሳለሙ ነበር። በየካቲት 1929 ዓ.ም. የተናኘ ወርቅ ባል ራስ ደስታ ዳምጠው በጣልያኖች ተገደሉ። ባለቤታቸው ከሌላ የወለዷት ሮማነ ወርቅም ከልጆቿ ጋር ተማርካ ወደ ኢጣልያ ተወሰደች፤ በዚያው በቱሪን ሞተች። በባዝ ያለው ቤት በእነዚያ ዓመታት ምን ያህል ጸጥ ያለ እንደ ነበር መገመት ይቻላል።

እቴጌ መነን በቤተልሔም በጌታችን ልደት ቤተ ክርስቲያን ለእመቤታችን ስእለት ተሳሉ፤ አገራቸው ነጻ ብትወጣ የነገሡበትን ዘውድ ሊሰጡ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ፤ እቴጌይቱም ተከተሉ፤ ዘውዱም ወደ ቤተልሔም ተላከ። በምትኩ አምሳያው ተሠርቶ ተቀመጠ። ከእቴጌ ዕቃዎች ሁሉ ባልየው በአደባባይ በእጁ የሰጣትን ለይታ ለእግዚአብሔር እናት ማበርከቷን ሳስብ፣ ያች ዘውድ ለእርሷ ምን ያህል ዋጋ እንደ ነበራት ይታየኛል፤ የማይወዱትን ለስእለት አይሰጡምና።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ከሹመትና ከጉብኝት ይልቅ በልጆች ሞት የሚቈጠሩ ናቸው። ዘነበ ወርቅ ከጦርነቱ በፊት ገና በልጅነቷ በመቀሌ ሞታ ነበር። በለንደን የነርስነት ትምህርት የተማረችው ፀሐይ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በለቀምት በወሊድ ምክንያት ዐረፈች። የሐረሩ መስፍን መኰንን በግንቦት 1949 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ሞተ። ከስድስቱ ሦስቱን ቀበሩ። ልጁን ቀብሮ የተመለሰ ባልና ሚስት ማታ ሲቀመጡ፣ እንኳን ዝምተኛው ተናጋሪውም ቃል ያጣል። በዚያን ጊዜ አስቀድሞ አብሮ ዝም ማለትን የለመዱ ሰዎች ምናልባት ከሌሎቻችን ይሻላሉ።

የዚህን ቤት ዝምታ ሁሉ ላመሰግን ግን አልችልም። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በብራዚል ጉብኝት ላይ ሳሉ የክብር ዘበኛው አዛዥና ወንድሙ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ሚኒስትሮቹን በሌሊት የሰበሰቧቸው እቴጌይቱ በጠና ታመዋል በሚል የሐሰት መልእክት ነበር፤ ሰው ሁሉ ሳይጠራጠር መምጣቱ ስለ እኚህ ሴት የሚነግረን ነገር አለ። ከተያዙት ብዙዎቹ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ተረሸኑ። የዐማፅያኑን ቃል በሬዲዮ ያነበበው የበኵር ልጃቸው አስፋ ወሰን ነበር። በግዴታ ነው የሚሉም፣ አይደለም የሚሉም አሉ፤ በአባትና በልጅ መካከል የነበረው ርቀት ግን አስቀድሞም የታወቀ ነበር። ሚስት የባሏን ዝምታ ማንበብ ልትማር ትችላለች፤ አምሳ ዓመት አላትና። ልጅ ግን በተነገረው ቃል ያድጋል። ቁጥብ አባቶች ለሚስቶቻቸው የሚበቃው ዝምታ ለልጆቻቸው የሚበቃ አድርገው ሲቈጥሩ አያለሁ፤ በአርሲም በሌላም ቦታ።

ገነተ ልዑል ከዚያ በኋላ ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ። አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ የሄደ ካቴኪስት በሙዚየሙ ውስጥ የንጉሠ ነገሥቱንና የእቴጌይቱን መኝታ ክፍሎች ማየት ይችላል።

እቴጌ መነን ጤናቸው እየደከመ ሄዶ የካቲት 8 ቀን 1954 ዓ.ም. ዐረፉ፤ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራልም ተቀበሩ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ስለ ቸርነታቸው፣ ስለ ሃይማኖተኛነታቸውና ለባለቤታቸው ስለ ነበሩት ረዳትነትና መካሪነት በሰፊው መሰከሩ። እንደ ወግ ከሆነ ነገሩ በዚህ ያበቃ ነበር፤ ንጉሥ በሹማምንቱ አፍ ይናገራልና።

በሣልስታቸው ቀን ግን ያ ዝምተኛ ሰው ራሱ ተናገረ። ስለ ባለቤታቸው መልካምነት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሊመሰክሩ የሚችሉ ቢሆኑም እርሳቸው የሚጨምሩት እንዳለ ገለጡ። የጨመሩትም፣ በዚያ ሁሉ የትዳር ዘመን በሁለታቸው መካከል ገብቶ የሚያስታርቅ ሦስተኛ ሰው አንድ ጊዜ እንኳ አስፈልጓቸው እንደማያውቅ፣ ትዳራቸውም የሰላምና የመረዳዳት እንደ ነበር ነው። ይህን ቃል በእኛ አገር የሰማ ሰው ክብደቱን ያውቀዋል። የኛ ሰው ሲጣላ ሽማግሌ ይጠራል፤ በአርሲም ጃርሳ ተቀምጦ ያስታርቃል፤ ሽማግሌ ሳይገባበት ያረጀ ትዳር የትኛው እንደ ሆነ በየቀበሌው ሰው በጣቱ ቈጥሮ ይናገራል። ከሰገሌ ጦርነት፣ ከአጎት እስራት፣ ከስደትና ከሦስት ልጆች ሞት በኋላ ይህ መባሉ ነው። እኚህ ሰው ስለ ሚስታቸው ውበት ወይም ስለ ራሳቸው ኀዘን አልተናገሩም። የሸንጎ ቋንቋ የሚመስል አንድ ነገር መሰከሩ፤ እንደ እርሳቸው ላለ ሰው የቀረበ ቃል ይህ ነበር። ባለቤታቸው ቢሰሙት ምን ያህል ደስ ባላቸው ነበር እያልሁ አንዳንድ ጊዜ አስባለሁ፤ በሕይወት ሳሉም በሌላ ቋንቋ፣ ያለ ቃል፣ ሰምተውት ይሆናል።

ከሁለት ወር በኋላ በሚያዝያ የመጨረሻው ልጃቸው ሣህለ ሥላሴ ሞተ። ንጉሠ ነገሥቱ ሌላ ሚስት አላገቡም። በ1967 ዓ.ም. በነሐሴ ወር በደርግ እጅ ሳሉ ሲሞቱ መቃብራቸው እንኳ አልታወቀም ነበር። አጽማቸው ከተገኘ ከዓመታት በኋላ፣ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በባለቤታቸው መቃብር አጠገብ ዐረፈ።